ፈርን የሌለው የፈርን ማኅበር

የኬልፕ ኮቭ የፈርን ወዳጆች ማኅበር በሠላሳ ስድስት ዓመት ዕድሜው አንድም ፈርን አሳድጎ አያውቅም። ፈርን በታዝማኒያ ብርቅ ሆኖ አይደለም፤ ያ አበባ የማያወጣ፣ ጥላና እርጥበት የሚወድ፣ ቅጠሉ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ተክል በየጅረቱ ዳር ሞልቶ ተርፏል። ማኅበርተኞቹን የሚያሰባስባቸው ግን ተክል አልነበረም። ወንድ የሚወዱ ወንዶች፣ ሴት የሚወዱ ሴቶች፣ ጾታቸው ሲወለዱ ከተባለው የተለየ ትራንስ የሚባሉ ሰዎችም ነበሩ፤ ስሙንም ያወጡት እንዲህ ያለ ፍቅር በሕግ በሚያስቀጣበት ዘመን ነው። ሕጉ ከተሻረ ቆይቷል። ስሙ ግን ሙጭጭ ብሎ ቀረ፤ ሙጭጭ ያደረገውም ጸሐፊው አቶል ነበር።

አቶል የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፖስታ ቤት ሲሠራ ኖሯል። የማኅበሩን ዝግጅቶች ዝርዝር በየወሩ ጽፎ ለከተማዋ ጋዜጣ የሚልከው እሱ ነው። አጻጻፉም የራሱ ነበር። ጭፈራ ሲኖር «ሥር ማካፈል» ይላል። ፊልም የሚታይ ከሆነ «የችግኝ ምርመራ» ይላል። «እያንዳንዱ ሰው አንድ ፈርን ይዞ ይምጣ» ካለ ደግሞ፣ አብረን የምንበላው አንድ ሳህን ምግብ ይዛችሁ ኑ ማለቱ ነው። አንዴ ተራቀቅኩ ብሎ «ለስላሳ ፈርን ይመረጣል» ብሎ ቢጽፍ፣ ሁሉም ኬክ ይዞ መጣና ከሰዓቱን በሙሉ ኬክ በኬክ ሲበሉ ዋሉ። ከታች ሁልጊዜ «ለበለጠ መረጃ፦ አቶል» ይልና የቤቱን ስልክ ቁጥር ያስከትላል።

የአሠራሩ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው። ያለፈውን ወር ጽሑፍ ይከፍታል፣ ቀኑን ይቀይራል፣ ይልካል። በአዲስ ወረቀት ጀምሮ አያውቅም።

በዚህ ዓመት ሰብሳቢነቱን የያዘችው ታምሲን ነች። ታምሲን የላም ሐኪም ናት፤ ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ ላም ውስጥ ከትታ የምትውል ሴት ስለሆነች የሚያስደነግጣት ነገር ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሳችው።

«አቶል፣ ባለፈው ወር ስንት አዲስ ሰው መጣልን?»

«አንድ።»

«እሱስ ምን ብሎ መጣ?»

«ስለ ቅጠል በሽታ ሊጠይቅ» አለ አቶል፤ ቤቱ በሳቅ አውካካ።

ታምሲን አልሳቀችም። «እሺ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች በል። ሴት ትወዳለች። በዓለም ላይ ብቻዬን ነኝ ብላ ትራሷ ላይ ስታለቅስ ታድራለች። ጋዜጣ ስትገልጥ 'የፈርን ወዳጆች' የሚል ታያለች። እኛ መሆናችንን በምን ታውቅ? በጠንቋይ?»

«እሺ፣ ምልክታችን ቀስተ ደመና ነው፤ እሱን እንበለው» አለ አቶል፣ ድምፁ እየሰለለ።

«ቀስተ ደመና ካልን የአየር ትንበያ ክበብ መስለን ነው የምንቀረው። ስማችንን እንጻፍ በቃ። የሚመጣውን ዝግጅት ሁሉ በግልጽ እንጻፍ።»

ድምፅ ተሰጠ። አሥራ አንድ ለአንድ። አንዱ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አቶል የፈራው ጋዜጣውን አልነበረም፤ ከተማውንም አልነበረም። የፈራው አንድ ሰው ነው፦ ታላቅ እህቱ ኔሪዳ። ኔሪዳ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። አቶልም ከእሷ በቀር የሥጋ ዘመድ የሚባል የለውም። ረቡዕ ረቡዕ በመኪናው ገበያ ይወስዳታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ቤት ምሳ ይበላል። አንድም ቀን ስለ ራሱ ነግሯት አያውቅም። ሃያ አራት ዓመት አብሮት የኖረውን ሮይስን እንኳ ያስተዋወቃት «የማኅበራችን ምክትል ሊቀ መንበር ነው፣ የጓሮውን ክፍል ተከራይቶ ነው» ብሎ ነው። ሮይስ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ውሸት ደግሞ ዕቃ ይፈልጋልና፣ አቶል ለማሳመኛ አንድ ፈርን ገዝቶ መስኮቱ ላይ አስቀምጧል። ፕላስቲክ ነው። እሱና ሮይስ ለእረፍት ሲሄዱ ኔሪዳ ድመታቸውን ልትመግብ ትመጣና ፈርኑንም ውኃ አጠጥታ ትሄድ ነበር። ሲመለሱ ሳህኑ ሞልቶ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ምንጣፍ በስብሶ ያገኙታል። ሮይስ በሳቅ ይፈርሳል፤ አቶል ግን ምንጣፉን ጠቅልሎ ሊያደርቅ ይወጣል። ይህቺ ፕላስቲክና እውነተኛ ተክል የማትለይ የዋህ አሮጊት እውነቱን ብትሰማ ትጠላኛለች፣ ከተቀየመችኝ ማን አለኝ እያለ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖረ።

ድምፅ ተሰጥቷልና ታዘዘ። ያለፈውን ወር ጽሑፍ ከፈተ። የፈርኑን ስም አጥፍቶ አዲሱን ስም ጻፈ፤ «ሥር ማካፈል» የሚለውን «ጭፈራ» አደረገው። ይቺን ታህል ለመጻፍ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ሌላውን እንኳ ሳያይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ላከው።

ረቡዕ ማለዳ ጋዜጣው መጣ። አቶል ሻዩን ይዞ ቁጭ አለና የክበባትን ዓምድ ገለጠ።

«የኬልፕ ኮቭ የጌዮች፣ የሌዝቢያኖችና የትራንሶች ክበብ። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በአሮጌው የፖም ማሸጊያ አዳራሽ ጭፈራ ይኖራል። በሚቀጥለው ወር የጫካ የእግር ጉዞና የክረምት አጋማሽ ምሳ ተዘጋጅቷል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ፈርን ይዞ ይምጣ። ለበለጠ መረጃ፦ አቶል።» ቀጥሎም የቤቱ ስልክ ቁጥር፣ ከነሙሉ አሃዙ።

አንገቱን የደፋበት ሠላሳ ስድስት ዓመት በገዛ እጁ በአንድ መስመር ተበላሸ። ገና ከመቀመጫው ሳይነሳ ስልኩ ጮኸ።

«ሄሎ፣ ስለ ቅዳሜው ነበር» አለ አንድ ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ። «ፈርኑ የግድ ነው?»

አቶል ስልኩን ዘጋና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው።

ከዚያ ያደረገውን ሲያስበው እስከ ዛሬ ያፍራል። መኪናውን አስነስቶ ወደ ኔሪዳ ቤት ከነፈ፤ ጋዜጣዋን ከበሯ ላይ ሊሰርቅ። ሲደርስ ኔሪዳ ቢጃማዋን ለብሳ አጥሩ ጋ ቆማለች። ጋዜጣው ብብቷ ሥር ነው።

«ምን ነካህ ቶሊ፣ በአንድ ሰዓት?» አለችው። «ገና ጥርሴን እንኳ አላጠለቅኩም'ኮ።»

«ገበያው እንዳይጨናነቅ ብዬ ነው።»

«ኬልፕ ኮቭ? እዚህ የሚጨናነቅ ነገር ያለው ቀብር ላይ ብቻ ነው። ግባ፣ ልብሴን ልልበስ።»

ጋዜጣውን ይዛው ገባች፣ ይዛው ወጣች፣ መኪና ውስጥም ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ማጉያ መነጽሯን አወጣች። ልማዷ ነው፤ እሱ ይነዳል፣ እሷ ጮክ ብላ ታነባለች። መጀመሪያ የሞቱትን ታያለች።

«ዳቦ ጋጋሪው ሞተልህ። እኔን'ኮ ሊያገባኝ ጠይቆኝ ነበር፤ እሺ ብለው ዛሬ ዳግመኛ ባሌ በሞተብኝ።» ገጽ ገለጠች። «የጥልፍ ክበብ ማክሰኞ ይሰበሰባል። ንብ አርቢዎች ሐሙስ። የኬልፕ ኮቭ የ...»

አቶል ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም፤ ቢነቅል የሚሞት መሰለው። ማጉያ መነጽሯ መስመር በመስመር ሲወርድ፣ ታች ሲደርስ፣ እዚያው ሲቆም በዓይኑ ጥግ ታየው። ከዚያ ጋዜጣውን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ድንች እንዳንረሳ» አለች።

በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ገበያውን ሁሉ ሲዞሩ ከድንችና ከሽንኩርት በቀር ቃል አልወጣትም። ቤቷ አድርሷት ዕቃውን ሲያወርድላት ግን በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ፊቱን ሳታይ፦

«ቅዳሜ ለምሳ አትምጣ» አለችው።

አቶል ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱ በእንባ ደበዘዘበት። ቅስሙ ተሰበረ። ባሏ በሞተ ሳምንት እንኳ ያልቀረ የቅዳሜ ምሳ ነው የተከለከለው። ይቺ ናት እንግዲህ፣ አለ በልቡ፤ የፈራኋት ነገር ይቺ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ስልኩን ሳይሰካ፣ መጋረጃውን ሳይከፍት ከፕላስቲክ ፈርኑ ጋር ተፋጦ ዋለ።

ቅዳሜ ወደ አዳራሹ የሄደው ቁልፉ እሱ ጋ ስለሆነ ብቻ ነው። ታምሲን በሩ ላይ ጠበቀችው፤ ጋዜጣውን ካየች ጀምሮ ስትደውልለት ነበር።

«ቁጥሩን ለምን ሳታጠፋው ተውከው አቶል? ስሙን ቀይር አልንህ እንጂ ራስህን አደባባይ ስቀል አላልንህም።»

«ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው'ኮ። አላየሁትም።»

«ፈርኑንስ?»

«የቱን ፈርን?»

ታምሲን መልስ ከመስጠቷ በፊት በሩ ተከፈተ። ሁለት ጠና ያሉ ሴቶች ገቡ፤ ከተራራው ሥር ያሉ በግ አርቢዎች ናቸው፣ ማንም አይቷቸው አያውቅም። በመካከላቸው የወተት ባልዲ ተሸክመዋል፤ ባልዲው ውስጥ ፈርን ቆሟል። «የት እናድርገው?» አሉ። ከኋላቸው አንድ ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ የከባድ መኪና ሾፌር ተከተለ፤ በግዙፍ እጁ የሻይ ኩባያ ይዟል፣ ኩባያው ውስጥ ሁለት ቅጠል ያላት ፈርን አለች። «ደውዬ ነበር፣ ስልኩ ተዘጋብኝ» አለ፤ ድምፁ ያ ጎርናናው ነው። ቀጥላ አንዲት አሥራ ዘጠኝ ሃያ የምትሆን ልጅ እናቷን አስከትላ መጣች። ፈርኑን የያዘችው እናትየው ናት፤ ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ታምሲን ልጅቷን ስታያት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነባሮቹስ? ነባሮቹም ስሙ እውነት ከሆነ ፈርኑም እውነት መሆን አለበት ብለው አሥራ አንዱም ፈርን ይዘው መጡ። የምግቡ ጠረጴዛ ጫካ ሆነ። አንዲት ብስኩት እንኳ የለችም።

አቶል የሙዚቃ ማጫወቻው ጋ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያያል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ በሞተ። የዛሬው ሰው ብዛት እሱ ካየው ሁሉ ይበልጣል፤ ልቡ ግን ያለችው እህቱ ቤት ነው፣ ያልተጠራበት የምሳ ጠረጴዛ ላይ። አንድ ሁለት ዘፈን ከፍቼ ቁልፉን ለታምሲን ሰጥቼ እወጣለሁ ብሎ ቆረጠ።

ከበሩ በኩል የምርኩዝ ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል ኔሪዳ ናት።

የፋሲካ ኮቷን ለብሳለች፣ ጥርሷንም አጥልቃለች። ባለ ጎማ የገበያ ቦርሳዋን እየጎተተች አዳራሹን አቋርጣ ቀጥ ብላ ወደ እሱ መጣች።

«ቶሊ» አለች፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች። «ጋዜጣው ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ ፈርን ይዞ ይምጣ ይላል።»

«ኔሪዳ፣ እኔ...»

«ቆይ፣ አታቋርጠኝ። የትኛውን ፈርን ማለትህ እንደሆነ አላወቅኩም። ስለዚህ ሁለቱንም ይዤ መጣሁ።»

ቦርሳውን ከፈተችው። ከላይ በፎጣ የተሸፈነ ትልቅ ትሪ አለ፤ የእንቁላል ሳንድዊች፣ ገና ትኩስ የሆነ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሠራለት የድንች ጥብስ። ከሥሩ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ ነበር፤ ማሰሮው ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ፣ ያማረ፣ አረንጓዴ ፈርን።

አቶል ትሪውን አየ፣ እሷን አየ። «ፈርን ማለት ሳህን ምግብ መሆኑን... በምን አወቅሽ?»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት አነበብኩት'ኮ። አንድ ፈርን ይዞ ይምጣ በሚልበት ሳምንት ሁሉ እኔ ጋ መጥተህ የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮዬን ትዋሳለህ። 'ለስላሳ ፈርን' ያልክ ጊዜ ደግሞ ቅቤዬን ጨርሰህ ሄድክ። ዓይኔ ነው የደከመው፣ ጭንቅላቴ አይደለም።»

«ታዲያ... እኔን?»

«አንተንም አወቅኩ። ምን ልበል ሌላ? ሮይስ ስልሳ ዓመት የሞላኝ ቀን ይህንን ይዞልኝ መጣ።» ፈርኑን በጣቷ ነካ አደረገችው። «'የማኅበሩ ብቸኛ ፈርን ይኸውልሽ' አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ምን የሚነገር አለ?»

አቶል እጁን ፊቱ ላይ ጫነ። በጣቶቹ መሐል የሚወጣው ድምፅ የልጅ ነበር። «ያንን ፕላስቲክስ? መስኮቱ ላይ ያለውን?»

«እሱማ ፕላስቲክ ነው።»

«ውኃ ታጠጪው ነበር'ኮ።»

«ወንድሜ ፈርን አለኝ አለ፤ እኔ ደግሞ አጠጣሁት» አለች ኔሪዳ። «ሌላ ምን ላድርግ? አንተ ካልነገርከኝ እኔ እንዴት እነግርሃለሁ? የመንገሩ ፈንታ ያንተ ነው።»

ከዚያ ድምፏ ተቀየረ፤ ስትቆጣ እንደ ድሮው አፍንጫዋ ቀላ። «በአንድ ነገር ግን ተቀይሜሃለሁ፣ ልንገርህ። ሮይስ ሲሞት ምክትል ሊቀ መንበራችን ሞተ አልከኝ። የሐዘን ካርድ ለማኅበሩ ጻፍኩ። ለማኅበሩ፣ ቶሊ። ቤትህ መጥቼ፣ አቅፌህ፣ አብሬህ ላለቅስ ሲገባኝ ለፈርን ማኅበር ካርድ ላክሁ። ዘጠኝ ዓመት እንቅልፍ ነስቶኛል።»

አቶል ተነሳ። ታላቅ እህቱ ከትከሻው በታች ናት፤ ጎንበስ ብሎ አቀፋት። አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች፤ ዘጠኝ ዓመት የዘገየውን የሮይስን ለቅሶ የፖም ማሸጊያ አዳራሽ ውስጥ፣ በአሥራ አምስት ፈርን መሐል አለቀሱት። ማንም አልቀረባቸውም፤ ታምሲን ሰዉን ሁሉ ወደ ሳንድዊቹ ነድታዋለች። አቶል ሲጨርስ ከደረቱ ላይ አንድ ከባድ ነገር የወረደለት መሰለው። እፎይ አለ፤ በሕይወቱ እንዲህ እፎይ ብሎ አያውቅም።

«ለምሳ አትምጣ ስትዪኝ...» አለ አፍንጫውን እየጠረገ።

«ታዲያስ? ቤቴ ብትበላው እዚህ ምን ይዤ እመጣለሁ?» ዙሪያዋን ቃኘች። «ይሄ ጺማሙ ሾፌር ይጨፍራል?»

«እሱ እንኳ ወንድ...»

«አውቃለሁ አንተ፣ ልጨፍር እንጂ ላገባው አላልኩም።»

ጨፈረች። ምርኩዟን አቶል ያዘላት። ሾፌሩ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አዞራት፤ ያቺ ቀና ብላ የማታውቅ ልጅ መጀመሪያ ፈገግ፣ ከዚያ ሳቅ አለች፤ እናቷ ከበግ አርቢዎቹ ጋር ስለ ፈርን አፈር ጨዋታ ይዛለች። ወደ ማብቂያው ላይ ሰው ሁሉ ያመጣውን ፈርን ከሌላው ጋር ተለዋውጦ ሄደ። በሠላሳ ስድስተኛ ዓመቱ የፈርን ማኅበር ፈርን አደለ።

በማግስቱ እሑድ ኔሪዳ እሱ ቤት ምሳ መጣች። የሮይስን ፈርን መስኮቱ ላይ አስቀመጡት፤ ፕላስቲኩን ኔሪዳ በገዛ እጇ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው። «ደህና ሁን፣ ብዙ ውኃ በልተሃል» አለችው። አቶል የስልኩን ገመድ መልሶ ሰካው።

ከምሳ በኋላ የሚቀጥለውን ወር ዝርዝር ሊጽፍ ተቀመጠ። ያለፈውን ጽሑፍ ከፈተና ትንሽ አየው፤ ከዚያ ዘጋውና ባዶ ገጽ አወጣ። የክበቡን ስም ከነሙሉ ቃሉ ጻፈ። የጫካ የእግር ጉዞ፣ እሑድ ጠዋት፣ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። የክረምት አጋማሽ ምሳ፣ ቅዳሜ። አንድ ሳህን ምግብ ይዛችሁ ኑ፤ ፈርን አይበላም።

ታች ሲደርስ እጁ ቆመ። ኔሪዳ በትከሻው ላይ ሆና በማጉያ መነጽሯ ታነባለች።

«ቁጥርህን ሳትጽፍ ልትቀር ነው?» አለችው።

«አይ፣ እጽፈዋለሁ፤ ዛሬ ግን እያየሁ ነው» አለ አቶል።

«እንግዲያው አንተ ስልክ ማንሳት እንደምትፈራ ይታወቃል። ሰው ደውሎ እንዳይመለስ የኔንም ጨምርበት።»

አቶል ጻፈ፦ ለበለጠ መረጃ፣ አቶል ወይም እህቱ ኔሪዳ።